ለኮንዶሚኒየም ጥበቃ መገናኛ ሬዲዮ፦ ንግግሩ ሌላ ጆሮ እንዳይገባ የትኛውን እንግዛ?

የአባዶ ኮሚቴ

ሰላም ለዚህ ቤት። የካ አባዶ ላይ ያለ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት የነዋሪዎች ማኅበር ለጥበቃዎቹ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ሊገዛ ነው። ሳይቱ 17 ብሎክ አለው፤ ጂ+4 እና ጂ+7 ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር ወደ 600 ሜትር። በአንድ ፈረቃ ስድስት ሰው ይቆማል፦ ሦስቱ በር ላይ፣ ሁለቱ ዘዋሪ፣ አንዱ ተቆጣጣሪ። የሌሊቱ ፈረቃ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

እስካሁን መገናኛው የየግል ስልካቸው ነው። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሲጠፋ ኔትወርኩም ተከትሎ ይደክማል፤ የአንዱ ካርድ ያልቃል፤ አንዱ ለአንዱ ሲደውል ሌሎቹ አራቱ ምን እንደተባለ አያውቁም።

የቸገረን ምርጫው ነው። አንዱ ሻጭ «121 ፕራይቬሲ ኮድ አለው፣ ማንም አይሰማችሁም» ይላል። ሌላው «ዲጂታል ካልሆነ አትልፉ» ይላል። የኮሚቴው አባል ዘመድ ደግሞ ካርቶኑ ላይ «35 ማይል» የሚል ስድስት ፍሬ ከአሜሪካ ላምጣላችሁ ብሏል። ዋናው ስጋታችን «በር 3 ላይ ሰው የለም፣ ወደ ብሎክ 9 ሄዷል» የሚለውን ወሬ ውጭ ያለ ሰው እንዳያዳምጥ ነው። ምን ዓይነት እንግዛ? ስንት? ፈቃድስ?

ሞገድ ቆጣሪ

ከካርቶኑ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። 35 ማይል 56 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ርቀት የሚገኘው አንዱ ተራራ አናት ላይ ሌላው ሜዳ ላይ ቆሞ በመሃላቸው አንድም ግድግዳ ሳይኖር ነው። የእጅ ሬዲዮ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ከአድማሱ ወዲያ ብዙም አይዘልቅም። ግምቱን ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፦ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.1 ስታባዙት የአንዱ ሰው አድማስ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 1.5 ሜትር ላይ ለተያዘ ሬዲዮ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ሲደመር 10። ይህም ጠረጴዛ በመሰለ ሜዳ ላይ ነው። በኮንክሪት ብሎኮች መሃል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ካገኛችሁ ደህና ነው። ለ600 ሜትር ሳይት ከበቂ በላይ ስለሆነ ለርቀት ብላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ።

የአሜሪካዎቹ ሌላ ችግር ሞገዳቸው ነው። የሚሠሩበት 462 እና 467 ሜጋኸርዝ እዚያ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው፤ እዚያ መለቀቁ እዚህ ፈቃድ አይሆንም። 16 ቻናልና ግማሽ ዋት ያለው የአውሮፓው 446 ሜጋኸርዝም የዚያው የአውሮፓ ደንብ ነው። ከሁሉ የባሰው «ከቻናል ቻናል እየዘለለ ስለሚሠራ አይጠለፍም» ተብሎ የሚወደሰው የ900 ሜጋኸርዝ ዓይነት ነው። መዝለሉ እውነት ነው፣ ለመጥለፍም በእርግጥ ያስቸግራል። ነገር ግን የሚዘልበት ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል እዚህ ከሞባይል ስልክ ጋር ይጋጫል፤ ከ890 እስከ 915 ያለው ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት ነው። እናንተ ስልኩን ታውካላችሁ፣ ስልኩም እናንተን። ዘመድየውን አመስግናችሁ ሌላ ነገር ያምጣ በሉት።

አሁን ወደ 121ዱ ኮድ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፦ 38 ዝቅተኛ ድምፆች (ከ67 እስከ 250.3 ኸርዝ) እና 83 ዲጂታል ኮዶች ሲደመሩ ነው። ሬዲዮው ስትናገሩ ከድምፃችሁ ሥር ያንን ዝቅተኛ ድምፅ አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩ ሬዲዮ ድምፁን ካላገኘ ድምፅ ማጉያውን አይከፍትም። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ኮዱ የሚደፍነው የእናንተን ጆሮ ነው፤ የሌላውን ጆሮ አይደፍንም። ኮድ ያልሞላ ሰው በዚያው ሞገድ ላይ ቢቆም እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ኮዱ ግን አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ከጎን ያለ ግንባታ ላይ ያለው ፎርማን ሲሚንቶ ሲያዝ ጥበቃችሁ እንዳይረበሽ ያደርጋል። ጸጥታ እንጂ ምስጢር አይደለም።

አንዳንዶቹ ላይ «ስክራምብለር» የሚባል ነገር አለ። የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ገልብጦ ይልካል፤ የሚሰማው እንደ ዳክዬ ጩኸት ነው። ተመሳሳይ ሬዲዮ ያለው ወይም ኮምፒውተር ያለው ሰው መልሶ ይገለብጠዋል። ይህንንም ከምስጢር አትቁጠሩት።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ማነው የሚያዳምጠው? ሳይታችሁን የሚያጠና ሌባ ላፕቶፕ ይዞ ሞገድ አያስስም። ደረጃ ሥር ቆሞ ከጥበቃው ወገብ ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያ ነው የሚሰማው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የእጅ ሬዲዮ ድምፅ በሁለት ብሎክ መሃል እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። ስለዚህ ለምስጢር የሚወጣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለጆሮ ማዳመጫ ነው። የአንድ ጆሮ ይሁን፣ ሌላው ጆሮ አካባቢውን ያዳምጥ። ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ያለውን ምረጡ፤ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ከሰው ሰው ሲዛወር ስለሚያስጠላ ለያንዳንዱ ጥበቃ የራሱን ጎማ ስጡ፣ አለበለዚያ በሳምንት ውስጥ ሁሉም አውልቆ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ጉልበት መቀነስ ነው። ሬዲዮው «ሎው» ላይ ሲሆን ወደ 1 ዋት፣ «ሃይ» ላይ ከ4 እስከ 5 ዋት ይልካል። በ1 ዋት ሳይታችሁ ከተሸፈነ 1 ዋት ላይ ቆልፉት። 4 ዋት ለእናንተ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጣፎና አያት ላሉት ነው የሚያሰማላችሁ።

የሞገዱ ዓይነት ዩኤችኤፍ ይሁን፣ ማለትም ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ያለው። ቪኤችኤፍ (ከ136 እስከ 174) ለሜዳ፣ ለእርሻና ለዛፍ ይሻላል። በብሎኬትና በብረት መሃል ግን አጭሩ ሞገድ በመስኮትና በኮሪደር እየሾለከ ይገባል። ሩብ ሞገዱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አጭር አንቴናም በደንብ ይሠራል፤ ቪኤችኤፍ ግን ግማሽ ሜትር ስለሚፈልግ በአጭር አንቴና ብዙ ጉልበት ያባክናል።

ሰነድ ያዥ

ስለ ፈቃዱ፣ በአጭሩ። አዎ ያስፈልጋል። የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝና መጠቀም በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 እስራትና መቀጮ አለው። «ገበያ ላይ በግልጽ ይሸጣል» የሚለው መከላከያ አይሆንም። በሻንጣ የመጣ ሬዲዮም ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፦ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ መግዛት። ስትሄዱ የማኅበሩን ምዝገባ ሰነድ፣ የሳይቱን ቦታ በካርታ፣ የሬዲዮውን ቁጥርና ሞዴል፣ የሚልክበትን ጉልበት በዋት፣ የሽፋኑን ስፋትና ቋሚ አንቴና መኖር አለመኖሩን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። ንግግሩን የሚመሰጥር ሬዲዮ ካሰባችሁ እሱን ለይታችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዝም ብሎ ገዝቶ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። ሞገዱ ሲሰጣችሁ ብቻ ነው ሬዲዮው የሚሞላው፣ ማለትም ሞገዱ በኮምፒውተር የሚገባበት። «ይቺ ቻናል ባዶ ናት» ብሎ በጆሮ መርጦ መያዝ የለም። ለአንድ ሰዓት ጸጥ ያለ ሞገድ የአምቡላንስ ወይም የጸጥታ አካል ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል ነኝ

ሞገድ ቆጣሪ ስለ ጆሮ ማዳመጫው ልክ ነው፤ ዲጂታሉን ግን ቶሎ አልፎታል። የሚጠየቀው ምስጢር ከሆነ አናሎግ ላይ መቆም ግማሽ መንገድ ነው።

ዲኤምአር የሚባለውን የዲጂታል ሬዲዮ ዓይነት ውሰዱ። አንድ 12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል በጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይሠራል። ሬዲዮው የሚልከው በግማሹ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በመናገር ሰዓት ባትሪ ይቆጥባል። እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ተቆጣጣሪው ማን እንደተናገረ ስክሪኑ ላይ ያያል፣ ለአንድ ሰው ብቻ ለይቶ መጥራትም ይችላል። አናሎግ ሬዲዮ ያለው ሰው ዲኤምአር ላይ ቢያርፍ የሚሰማው የሞተር ዓይነት ግርርታ ነው።

ግን ሻጭ «ዲጂታል ነው» ሲል «ተመስጥሯል» ማለቱ አይደለም። ያልተመሰጠረ ዲኤምአር በሌላ ዲኤምአር ሬዲዮ ወይም ላፕቶፕ ላይ በሚሰካ የዩኤስቢ መቀበያ ይከፈታል። «ከለር ኮድ» ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ነው፤ እሱም እንደ 121ዱ ኮድ ማጣሪያ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ምስጠራው ራሱ ደረጃ አለው። «ቤዚክ» የሚባለው ደካማ ነው፣ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው አይግባባም። ባለ 40 ቢት ቁልፉ መካከለኛ ነው፤ ሥራዬ ብሎ ለያዘው ሰው አይበቃም። ኤኢኤስ 256 የሚባለው የምስጠራ ዓይነት ግን በእርግጥ ምስጢር ነው። ዝርዝሩ ላይ ይህ ስም በግልጽ ካልተጻፈ የለውም ብላችሁ ያዙ። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ደግሞ በተጨማሪ ክፍያ የሚከፈት ነው፤ ዋጋ ስትጠይቁ «ተከፍቶ ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የምስጢር ቁልፉ ከኮምፒውተር በገመድ ነው የሚገባው። ፋይሉን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። ቁልፍ ያለበትን ፋይል የኮሚቴው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለመረጃ ያህል» ብሎ መለጠፍ የሁሉንም ወጪ ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ይህ ደግሞ የሚደረግ ነገር ነው።

ጥገና ቤት

ዲጂታሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አናሎግ ሲዳከም ያሻክራል፣ ይነጫነጫል፣ ጥበቃው «ድምፅህ ሄደ» ይልና ሁለት እርምጃ ወደ መስኮት ይጠጋል። ዲጂታል እስከ ጫፉ ድረስ ጥርት ብሎ ይቆይና በድንገት ይቆረጣል፤ ጥበቃው መቋረጡን አያውቅም። ስለዚህ ዲኤምአር የሚገዛ ሰው ሽፋኑን የበለጠ ተጠንቅቆ ይፈትሽ። ሁለት የጊዜ ክፍል አለው ማለት ያለ ሪፒተር (ንግግሩን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ቋሚ መሣሪያ) ሁለት ቡድን በአንድ ቻናል ያወራል ማለትም አይደለም፤ ያ በቀጥታ ግንኙነት የሚሠራው ይህ ችሎታ ባላቸው ሬዲዮዎች ብቻ ነው።

አብዛኛው ማኅበር መጨረሻ ላይ የሚገዛው ግን ርካሹን አናሎግ ስለሆነ የሱን ጉድ ልናገር። ገበያው ውስጥ በብዛት ያሉት ሁለት የባኦፌንግ ዓይነቶች ናቸው፦ ስክሪን የሌለው ባለ 16 ቻናሉ 888ኤስ፣ እና ስክሪንና የቁጥር ቁልፎች ያለው ባለ 128 ቻናሉ ዩቪ-5አር። ለጥበቃ የመጀመሪያው ይሻላል። ስክሪንና ቁልፍ ባለበት ሬዲዮ ላይ በሁለተኛው ሌሊት አንድ ሰው ሞገዱን ቀይሮታል፣ በሦስተኛው ሌሊት ኤፍኤም ከፍቶ ሙዚቃ እያዳመጠ ነው። 5አር ከገዛችሁ የግድ ቁልፎቹን ቆልፉ፣ ኤፍኤሙንም አጥፉ።

ከፋብሪካ ተሞልተው የሚመጡትን ቻናሎች አንድም ሳታስቀሩ አጥፉ፤ የእናንተ አይደሉም። ሞገዱን ለመሙላት ቺርፕ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል። አካሄዱ፦ ሬዲዮውን አጥፉ፣ ባለ ሁለት ጫፍ ገመዱን ቀጭ እስኪል ግፉ፣ ሬዲዮውን አብሩ፣ መጀመሪያ ያለውን አውርዳችሁ ዋናውን ፋይል ለብቻ አስቀምጡ፣ ከዚያ በሱ ቅጂ ላይ ለውጣችሁ መልሳችሁ ጫኑ። የሌላ ሬዲዮ ፋይል በቀጥታ አትጫኑ፤ ሞዴሉ አንድ ቢመስልም የውስጥ ሶፍትዌሩ ሊለያይ ይችላል። «ሬዲዮው አልመለሰም» የሚል መልእክት ከመጣ ከአሥር ዘጠኙ ገመዱ እስከ መጨረሻው ስላልገባ ነው፤ የሰኪው ፕላስቲክ ወፍራም ከሆነ ዙሪያውን በቢላ ትንሽ ላጡት። ኮምፒውተሩ ገመዱን ጭራሽ ካላወቀው ገመዱ ውስጥ ያለው ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ነውና አዲሱ የዊንዶውስ ድራይቨር አይቀበለውም፤ የቆየ ድራይቨር ጫኑ ወይም ሌላ ቺፕ ያለው ገመድ ግዙ።

የምትሞሉት እንዲህ ይሁን። የሞገድ ስፋት ጠባብ፣ 12.5 ኪሎኸርዝ። ጉልበት ዝቅተኛ። የማያቋርጥ ንግግር ገደብ 60 ሰከንድ፤ ይህ ከሌለ አንድ ጥበቃ የመናገሪያ ቁልፉ ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ግንኙነት እስከ ንጋት ይዘጋል። ቻናሉ ሲያዝ እንዳይላክ የሚያግደውን አብሩ። በድምፅ ራሱን የሚከፍተውን አጥፉ፣ ንፋስና ውሻ ጩኸት ይከፍተዋል። ሲበራ ቁጥር የሚናገረውን ድምፅም አጥፉ።

ሲበላሽ የሚታየው ምልክት መንስኤውን ይናገራል። አረንጓዴው መብራት በርቶ ድምፅ ከሌለ የኮድ አለመገጣጠም ነው። አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ኮዱ በመቀበያ ላይ ተሞልቶ በመላኪያ ላይ ተረስቷል ወይም ተሳስቷል። ድምፁ ከታፈነ ወይም ከተሰነጠቀ አንዱ ጠባብ ሌላው ሰፊ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ ሬዲዮው ደህና ነው፤ ሰውየው ቁልፉን ሳይጫን ነው የሚጀምረው። ተጫን፣ አንድ ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ተናገር። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው ተቀባዩ ከባትሪ ቁጠባ የሚነቃውና ኮዱን የሚያውቀው።

አንቴናውን መያዣ አድርጎ መሸከም የተለመደ ነው፤ ከሥሩ ይላላል፣ ከዚያ የተላከው ጉልበት ወደ ሬዲዮው ተመልሶ የመላኪያውን ትራንዚስተር ያሞቃል። ካርቶኑ ላይ «8 ዋት» የሚል ካያችሁም ብዙ ጊዜ በሜትር ሲለካ ከ4 እስከ 5 ነው፤ አትክፈሉበት።

የአባዶ ኮሚቴ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ተምረናል። ፈቃዱን እንጀምራለን። ሁለት ነገር ቀረን። ባትሪው 12 ሰዓት ይቆያል ወይ? መብራት ቀኑን ሙሉ ሲጠፋስ በምን እንሙላው? አንድ የኮሚቴ አባል ደግሞ «ሲም ካርድ የሚገባበት ሬዲዮ አለ፣ አገር ምድሩን ያዳርሳል» ይላል።

ጥገና ቤት

ሲም የሚገባበት በሬዲዮ ቅርፊት የተሠራ ስልክ ነው። ኔትወርኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የእናንተ ችግር ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ባትሪውን እናስላው። ለጥበቃ የተለመደው ግምት ከጊዜው 5 በመቶ መናገር፣ 5 በመቶ መስማት፣ 90 በመቶ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ከ12 ሰዓት ውስጥ 36 ደቂቃ መናገር፣ 36 ደቂቃ መስማት ማለት ነው። 7.4 ቮልት ባትሪ ያለው ሬዲዮ በከፍተኛ ጉልበት ሲልክ ወደ 1.4 አምፒር ይበላል፦ 0.84 አምፒር ሰዓት። መስማቱ 0.2 ገደማ። መጠበቁ በባትሪ ቁጠባ 0.5 ገደማ። ጠቅላላ ከ1.5 በላይ ነው። 1,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት አዲስ ባትሪ በጠባቡ ያደርሳል፤ አርጅቶ ሲቀንስ ንጋት 10 ሰዓት ላይ ይሞታል። በ1 ዋት ሲላክ የመናገሩ ፍጆታ በግማሽ ስለሚወርድ ጠቅላላው ወደ 1.1 ይመጣል፣ ያኔ ይተርፋል። ሞገድ ቆጣሪ ለምስጢር ያለው ዝቅተኛ ጉልበት ለባትሪም የሚበጅ መሆኑ ይኸው ነው።

ስለዚህ ስድስት ሰው ካለ ስምንት ሬዲዮ፣ 14 ባትሪ። በየባትሪው ላይ ቁጥርና የተገዛበትን ወር በማርከር ጻፉ፤ ቁጥር የሌለው ባትሪ ሁልጊዜ «የኔ አይደለም» ነው። ሙላቱ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። በብርድ ሌሊት ባትሪው የሚሰጠው ትንሽ ይቀንሳል፤ የአባዶ ኅዳርና ታኅሣሥ ቀላል ስላልሆነ ሬዲዮውን ከጃኬት ውጭ አንጠልጥሎ ማደር አይመከርም።

መብራት ሲጠፋ፦ አንድ ባትሪ ወደ 13 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ስድስቱ 80፣ ብክነቱ ሲጨመር 100 ነው። 12 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ 240 ዋት ሰዓት አለው፤ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ አንድ ዙር ይሞላል። ግን በቀጥታ አትሰኩ። የ5አር መሙያ ሳህን የሚፈልገው 10 ቮልት ነው፤ 12 ቮልት ስትሰጡት ሊቃጠል ይችላል፣ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ሲሰኩበት ደግሞ አይሞላም። ለዩኤስቢ ተብሎ 5ቱን ወደ 10 የሚያሳድግ ገመድ አለ። 888ኤስ ብዙ ጊዜ ከ5 ቮልት ሳህን ጋር ስለሚመጣ ከፓወር ባንክ በቀጥታ ይሞላል፤ መብራት ለሚቸግረው ሰፈር ይህ አንዱ ጥቅሙ ነው። የሁለቱን መሙያ አታደባልቁ።

የሆለታ መንገድ

ወሬ ላለማቋረጥ አንዲት ጥያቄ። የአበባ እርሻ ነው፣ ግሪን ሃውሶቹ በተርታ፣ ከጫፍ ጫፍ 1.5 ኪሎ ሜትር፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ። እኛም ዩኤችኤፍ?

ሞገድ ቆጣሪ

ለእናንተ ቪኤችኤፍን አስቀድማችሁ ሞክሩ። እርጥብ ቅጠል ዩኤችኤፍን የበለጠ ይበላል፣ ክረምት ላይ በግልጽ ይታያል። የግሪን ሃውሱ ፕላስቲክ ምንም አይደለም፣ ብረቱም ቀጭን ነው። ማሸጊያ ቤቱና ማቀዝቀዣ ክፍሉ ግን ቆርቆሮ የለበሰ ሳጥን ስለሆነ ከውስጡ በሁለቱም አይሰማ ይሆናል፤ በሩ አጠገብ የሚቆም አንድ ሰው መልእክት ያስተላልፍ። ከእርሻው አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ጋር በእጅ ሬዲዮ መነጋገር ግን አይታሰብ። ሱሉልታ ያሉትም ያንኑ ይጠይቃሉ፤ መሃል ላይ እንጦጦ አለ፣ ተራራ ደግሞ በዋት አይበሳም። ያ ከፍታ ላይ የሚቆም ሪፒተርና የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ቋሚ አንቴና ካቆማችሁ ደግሞ ገመዱ ላይ አትቆጥቡ፤ ቀጭኑ አርጂ-58 በ450 ሜጋኸርዝ በ10 ሜትር ውስጥ ከግማሽ በላይ ጉልበት ይውጣል፣ ወፍራሙ አርጂ-213 ሲሶ ገደማ።

ለአባዶዎቹ፦ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ስምንቱንም ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ብቻ ውሰዱና ሞገዱን ሞልታችሁ ፈትሹ። የሳይቱን ፕላን አትሙ። አንዱ በር 1 ላይ ይቁም፣ ሌላው በየብሎኩ ሥር፣ በየደረጃው መሃል፣ በውኃ ታንከርና በጄኔሬተር ክፍል እየዞረ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይጻፍ። 5 ጥርት ያለ፣ 3 ሻካራ ግን የሚገባ፣ 1 የማይገባ። በ1 ዋት ጀምሩ። ሬዲዮውን ወገብ ላይ አንጠልጥሎ ጀርባን አዙሮም ይሞከር፤ የሰው አካል ዩኤችኤፍን ያግዳል፣ ጥበቃውም የሚይዘው እንደዚያ ነው። ከ3 በታች የወጣ ቦታ ካለ ወደ 4 ዋት ከመሄድ በፊት ዘዋሪው የሚቆምበትን ሁለት ሜትር አዛውሩ፤ ብዙ ጊዜ ከደረጃው ቤት ወደ መስኮቱ መውጣት ብቻ ይበቃል።

ክረምት ስላለ ዝርዝሩ ላይ የውኃ መከላከያ ቁጥሩን እዩ። አይፒ54 የሚረጭ ውኃ ይችላል፤ አይፒ67 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ። ምንም ቁጥር የሌለው ርካሹ ሬዲዮ በሐምሌ ዝናብ በድምፅ ማጉያው ቀዳዳ ይጠጣል፣ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያም ይዝጋል። የመሰኪያው ጎማ ክዳን ሳይገጠም ሬዲዮ አይውጣ።

ስለ ምስጠራው ዲጂታል ነኝ ያለውን አልቃወምም። ገንዘቡና ፈቃዱ ካለ ኤኢኤስ ውሰዱ። ግን ለ17 ብሎክ በ1 ዋት አናሎግ፣ በጆሮ ማዳመጫና በተቆጠበ ቃል የኔ ምርጫ ነው። ቃሉ ላይ ይህን አድርጉ፦ የቦታ ስም በአየር ላይ አይጠራ። በሮቹና ብሎኮቹ ቁጥር ይሰጣቸው፤ ቁጥሩ በሩ ላይ ከተጻፈው የተለየ ይሁን፣ በየወሩም ይቀየር። «ባዶ ነው»፣ «ብቻዬን ነኝ»፣ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» የሚሉት ሦስቱ ከቶ አይነገሩ፤ ለነሱ ለያንዳንዳቸው አንድ ተራ ቃል ይመደብ። ከስድስት ቃል አታብዙ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰባተኛውን የሚያስታውስ የለም። ተቆጣጣሪው ስም መጥራቱን በየሰዓቱ ድፍን ላይ አያድርገው፤ አንዴ በ40 ደቂቃ፣ አንዴ በ70 ይሁን።

የአባዶ ኮሚቴ

ተግባባን። ሬዲዮ ቢጠፋ ወይም የለቀቀ ጥበቃ ይዞት ቢሄድስ?

ዲጂታል ነኝ

ዲኤምአር ከሆነ ከተቆጣጣሪው ሬዲዮ በመለያ ቁጥሩ ማደንዘዝ የሚቻልባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ይህ የሚሠራው የጠፋው ሬዲዮ በርቶና በሽፋን ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ባይሆንም የሌሎቹ የምስጢር ቁልፍ በዚያው ቀን ይቀየር። ለዚህ ነው ፋይሉ በአንድ ሰው እጅ መሆን ያለበት።

ጥገና ቤት

አናሎግ ከሆነ የሚደነዝዝ ነገር የለም። ኮዱን በሁሉም ላይ ቀይሩ፣ ያኔ የጠፋው ሬዲዮ ይሰማል እንጂ እናንተን አይረብሽም። ቀጥሎ የቦታ ቁጥሮቹንና ስድስቱን ቃላት ቀይሩ፤ ከሬዲዮው ጋር የሄደው ዋናው ነገር እነሱ ናቸው። ሲሪያል ቁጥሩ ከባትሪው ሥር ነው ያለው፤ ገና ሲገዛ በፎቶ አስቀምጡት፣ የጠፋበትን ለፖሊስም ለባለሥልጣኑም በዚያ ቁጥር አሳውቁ። በየፈረቃው መጨረሻ ሬዲዮ፣ ባትሪና ማዳመጫ በሦስት የተለያየ ዓምድ ይፈረም፤ «ሬዲዮ ተረከብኩ» ብቻ የሚል ፊርማ ባትሪውን አያስመልስም።